ሬዲዮዬ ሲጠገን እመጣለሁ

በአገራችን «እምቢ» የሚባል ቃል አለ ሲባል እሰማለሁ እንጂ ትልቅ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። በሬውን ማዋስ ያልፈለገ ገበሬ «ትንሽ ሣር ይቅመስና» ይላል። ልጁን መዳር ያልፈለገ «ትምህርቷን ትጨርስና» ይላል። ስብሰባ መሄድ ያልፈለገ «ዝናቡ ያባራና» ይላል፤ በጥር ወር። እናንተም ብትሆኑ ሰሞኑን ለአንድ ሰው «እደውልልሃለሁ» ብላችሁ አልደወላችሁም። አልፈርድባችሁም። እምቢታን በቀጠሮ ጠቅልሎ መስጠት ጨዋነት ነው። ችግሩ ቀጠሮው የደረሰ ዕለት ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የሞተ ሬዲዮ ማስነሣት ነው። ባለ ባትሪ ድንጋዩን ማለቴ አይደለም። ያንን አያቶቻችሁ ዳንቴል ያለብሱት የነበረውን፣ ባለ እንጨት ሣጥኑን፣ በሆዱ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበሩ የብርጭቆ ቱቦዎች ያሉትን ነው። ማን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ኢንተርኔትና ኤሌክትሪክ። ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፤ ሲሳሳቱ የሚነግረው ኤሌክትሪኩ ነው።

እስቲ ላስረዳችሁ፤ አጭር ነው። እንዲህ ዓይነት ሬዲዮ ዝም ሲል ሰው ሁሉ «ቱቦው ሞተ፤ ቱቦ ደግሞ ከዓለም ጠፍቷል» ይላል። የቱቦ ስም በከንቱ ጠፍቶ ነው። ቱቦ እንደ ባልቴት ነው፤ ሲያዩት የሚሰበር ይመስላል፣ ግን ሁሉን ቀብሮ ይኖራል። የሚሞተው ካፓሲተር የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በልክ የሚለቅ፣ ጣት የምታክል ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ ከተቃጠለ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ሞልቷል። ቀይሬ ስጨርስም ሬዲዮውን በቀጥታ ከግድግዳ አልሰካውም፤ በመሐል አንድ ተራ አምፖል አስገባለሁ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ገና ጥፋት አለ፤ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም ነው። በመጨረሻ ወደ ዘመኑ አመጣዋለሁ። የድሮ ሬዲዮ ኤፍ ኤም አያውቅም፤ ከሚያውቃቸው ጣቢያዎችም ብዙዎቹ ዝም ብለዋል። ስለዚህ ከጀርባው ለሸክላ ማጫወቻ በተተወችው ቀዳዳ በኩል ብሉቱዝ እሰካበታለሁ። ሣጥኑን ሳልበሳ፣ ስልክ ላይ ያለው ሁሉ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ ይወጣል። አጭር አልነበረም፤ ይቅርታ።

ሞጣ ውስጥ አባባ ሰይድ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ እንዲህ ዓይነት ሬዲዮ አላቸው ሲሉኝ ጊዜ አላጠፋሁም። ሄጄ ልሞክረው ስል ለመንኳቸው። አላመነቱም።

«ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የተመለሰ ነው» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ባለሙያው ‹ዕቃው ከዓለም ጠፍቷል› ብሎኛል። ግን ውሰደው ልጄ። መሞከር ጥሩ ነው።»

ፈገግታውን ያኔ አልመረመርኩትም። ሰው ሲያምነኝ ደስ ይለኛል።

ቢቸና ወስጄ ሠራሁት። አንድም ቱቦ አልቀየርኩም። በተናገረ ዕለት ቪዲዮ ቀርጬ «የሞጣው ሬዲዮ ተነሣ» ብዬ ለቀቅሁት። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ታቅፌ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ገሰገስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ መንገዱን ሁሉ ሲያዩኝ ቆይተው «ልጁ ጨዋ ነው፤ አያለቅስም» አሉኝ።

አባባ ሰይድ ቤት ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ነበሩ። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። ቱቦዎቹ ቀስ እያሉ ቀሉ፤ የአባባን ስልክ በብሉቱዝ አገናኝቼ ዜና ከፈትኩ። ቤቱ በድምፅ ሞላ። ምርቃት ጠበቅሁ። አባባ ሰይድ «አላህ ይባርክህ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

እትዬ ጥሩዬ ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ጎተቱኝ።

«አንተ የቢቸናው፣ ምን አድርገህ ነው የመጣኸው?»

«ጠገንኩት።»

«ማን ጠግን አለህ?»

«እሳቸው ናቸው የሰጡኝ።»

«አይችልም ብለው ነዋ የሰጡህ። እጅህን ይስበረውና... ተወው፣ እጅህንስ አይስበረው።»

ነገሩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የአባባ ሰይድ ልጅ ጀማል፣ እናቱ ከሞቱ ጀምሮ «አዲስ አበባ ይምጡና ከእኔ ጋር ይኑሩ» እያለ አባቱን ይለምናል። አባት ልጃቸውን እምቢ ማለት ከበዳቸውና «ሬዲዮዬ ሲጠገን እመጣለሁ፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለው ቃል ሰጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደግነቱ ሬዲዮው እንደማይድን በባለሙያ ተመስክሮለታል። በዚያ ምስክርነት ከመስጊዳቸው፣ ከሚስታቸው መቃብርና ከእትዬ ጥሩዬ ጭቅጭቅ ሳይለዩ ዓመታት ኖሩ። እኔ እስክመጣ።

ይህን እያወራን ዜናው ተቋረጠና ሬዲዮው ጠራ። አዎ፣ ሬዲዮው። ስልኩ ከእሱ ጋር ስለተያያዘ ነው። አባባ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ስልኩን አነሡ፤ የጀማል ድምፅ ግን ከሣጥኑ ውስጥ እንደ ዜና አንባቢ ወጣ።

«አባ፣ ቪዲዮውን አየሁት። ተጠገነ ማለት ነው?»

እትዬ ጥሩዬ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ተመልሶ ተበላሸ በል።»

ልል ነበር። ግን ሬዲዮው እንደዚያ አምሮበት እየተናገረ እንዴት ብዬ? ጀማል ቀጠለ። «ጠጋኙ እዚያ ካለ ይንገረኝ፤ እኛ ኮንዶሚኒየም ላይ ይሠራል?»

እንግዲህ ተጠየቅሁ። «የኮንክሪት ቤት ሞገድ ይከለክላል» አልኩ፤ የእትዬ ጥሩዬ ፊት በራ። «ግን ብሉቱዝ ስላስገባሁበት የትም ይሠራል፤ አራተኛ ፎቅም ቢሆን።» ፊታቸው ጠፋ። ጥያቄን በግማሽ መመለስ አልችልበትም።

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ እወስድዎታለሁ» አለ ሬዲዮው።

አባባ ሰይድ እኔን አዩኝ፤ ሬዲዮውን አዩት። ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ።

«ጀማል፣ ሬዲዮው ይሠራል። እኔ ግን አልመጣም። እናትህ እዚህ ናት። አልፈልግም።»

በእኛ ደንብ ከዚህ በኋላ ልጅ ይለምናል፣ ያኮርፋል፣ ሽማግሌ እልካለሁ ይላል። ያንን ጠበቅን።

«እሺ አባ» አለ ጀማል፤ ወዲያው። «እንደ ወደዱ። ቤቱም እኮ ጠባብ ነው፤ ልጆቹም አድገዋል። ለኢድ እኛ እንመጣለን።»

በተራ ስልክ ቢሆን ምናልባት አይለይም ነበር። እኔ ያወጣሁት ድምፅ ግን ትንፋሽ እንኳ አይደብቅም፤ እፎይታውን ሦስታችንም ሰማነው። ስልኩ ተዘጋ፤ ዜናው ካቆመበት ቀጠለ። እትዬ ጥሩዬ «ተገላገልን፤ እመብርሃን ትመስገን» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

አባባ ሰይድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ፈጥኖ እሺ አለ፤ አይደል?» አሉኝ።

«ኔትወርኩ ዛሬ ጥሩ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉና ድምፁን ጨመሩት።