የሰው አገር ልጅ

ሰው ሕልም የሚያየው ሌሊት ነው፤ እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ አየሁ። ጣጣውን ያመጣችው ልጄ ናዲን ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው የወለድኳት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ "የሰው አገር የወለድኳት ልጄ" እያልኩ ሳስተዋውቃት ከርሜ፣ ባለፈው ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "እማ፣ እዚያ የሰው አገር ከሆነ፣ እዚህ የምን አገር ነው?" አለችኝ።

"የኛ ነዋ!"

"የኛ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ለምን ወረቀት አምጪ ይለኛል?"

እውነቷን ነው፤ የልደት ሰርተፍኬት ካላመጣች አንመዘግብም ብለዋል። ቤይሩት የሰጠችኝ ልጅቷን እንጂ ወረቀቷን አይደለም።

እና በሕልሜ ወረዳ ሄድኩ። ወንበሩን ሁሉ የያዙት ሕፃናት ናቸው፤ እግራቸው መሬት አይደርስም። የተሰለፉት ደግሞ ወንዞችና ተራሮች ናቸው። ለካ ዜግነት የሚሰጡት ልጆቹ ኖረዋል፤ አመልካቹ አገር ነው። ከፊቴ ዓባይ ቆሟል፤ ጫማዬን አራሰው።

"አድራሻ?" አለው የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ።

"ማደሪያ የለኝም።"

"ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?"

"ግንድ።"

"የት ተወለድክ?"

"ሰከላ። ኑሮዬ ግን የሰው አገር ነው" አለና ዓባይ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሰልፉ በሙሉ እስከ ጉልበቱ ረጠበ።

ልጁ አዘነለት። ማህተሙን በምላሱ አርጥቦ ግንባሩ ላይ መታለትና፣ "በቃ፣ የኔ ነህ። ግን ሳይመሽ ቤት ግባ" አለው።

ቀጥሎ አዋሽ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። "እኔ እንኳ ካገሬ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም" ቢል ልጆቹ ተሳሳቁበት።

"መንገዱ ጠፍቶብህ ነው!" አሉና ወደ ኋላ መለሱት።

እኔም ስስቅ ወረዳው የቤይሩቷ አሠሪዬ የማዳም ሳሎን ሆነ። ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። ማዳም ሽርጥ ለብሳ ሰሐን እያጠበች፣ "ሲንዱ፣ ፓስፖርቴን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?" አለችኝ።

"ውልሽ ሲያልቅ" አልኳት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ስሜ ተጠራ። ብድግ ብል ያው ወረዳ ነኝ። ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠችው አለቃ ናዲን ናት፤ የገዛ ልጄ። እንደማያውቅ ሰው አየችኝ።

"አገርሽ የት ነው?"

"ደሴ፣ የኔ እመቤት።"

"ምስክር አለሽ?"

ዞር ብል ጦሳ ተራራ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ደስ ብሎኝ በጣቴ አሳየኋት። ጦሳ ግን አንገቱን ነቀነቀ። "መልኳን አላስታውሰውም። ገና ልጅ ሳለች ነው የሄደችው" አለ። ተራራ ሲክድ አይቼ አላውቅም።

"ምስክር ከሌለሽ የሰው አገር ነሽ" አለች ልጄ።

"ናዲንዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! እናትሽ!"

"እናት ዜግነት አይሆንም። የማን ነሽ?"

"ያንቺ ነኛ!" ብዬ ጮህኩ። "ጀርባዬ ላይ አዝዬ አይደል ያመጣሁሽ? የማን ልሁን ታዲያ?"

ናዲን ማህተሙን አነሳች። ትምታልኝ ትመልሰኝ አላውቅም፤ ግንባሬን አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ግንባሬን ያገኘው ግንብ ነው። ለካ እዚያው ወረዳ፣ ከንጋት ጀምረን በተሰለፍንበት፣ ግንቡን ተደግፌ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዷል። ተራችን ደርሶ ናዲን ብቻዋን መስኮቱ ሥር ቆማለች። ዓይኔን በቅጡ ሳልገልጥ የሠራተኛውን ድምፅ ሰማሁ።

"አገርሽ የት ነው፣ የኔ ልጅ?"

"እቺውልህ" አለችው፣ በጣቷ ወደኔ እየጠቆመች። "አትቀስቅሳት፤ ደክሟት ነው።"

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። "ትተኛ፣ ትተኛ" አለና መስኮቱን ዘጋው። "ሲስተም የለም።"