ክብርት የመጀመሪያ ደንበኛ

ማዘጋጃ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ እሳቸው አሉ። ከመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መስኮቷ እስከ ግማሽ ብቻ በምትከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ሥራ ፈትቶ ግድግዳ የተደገፈ ወጣት ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በራቸው ላይ «የወጣቶች ሥራ ልምምድ ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ጎረቤቶቻቸው ግን «ክብርት ለጀማሪ አይከፋም» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት መሆኑን መናገር አያስፈልግም።

ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ማዘጋጃ ቤታችን ተለማማጅ ለሚቀበል ባለሙያ የልጁን ደመወዝ ግማሽ ይሸፍናል። እሰየው! ነገር ግን አንድ ደንብ አለችበት። የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ተለማማጁ ብቻውን የሠራው አንድ ሥራ መታየት አለበት፤ ያውም ዘመድ ያልሆነ ደንበኛ ወዶና ፈቅዶ የተቀበለው። ያ ካልሆነ ድጋፉ ይቋረጣል፣ ልጁም ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው ጫማውን ለጀማሪ ሰጥቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። ጀማሪን የማይመርቅ የለም፤ ሁሉም «በርታ ልጄ» ይላል። ጫማውን፣ በሩንና ጥርሱን ግን ለዋናው ባለሙያ ይዞ ወረፋ ይጠብቃል።

ደንበኛ ጠፋ? ክብርት አሉ!

ጫማቸውን ለተለማማጅ ጫማ ሰፊ ሰጡ፤ የግራው ተረከዝ ከቀኙ ከፍ ብሎ ቢመለስ እንደ ልማዳቸው «ለጀማሪ አይከፋም!» ብለው ተጫሙት። ይኸው እስከ ዛሬ ሲራመዱ አንዱ «ቋ» ሲል ሌላው «ቀጭ» ይላል። በሥራ ሰዓት የሚያንቀላፋ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ድምፅ ከሩቅ ያውቀዋል። የተለማማጅ ልብስ ሰፊ ሥራ የሆነው ኮታቸው አንድ እጅጌው ጣታቸውን ይውጠዋል። የቤታቸው በር ተለማማጅ አናጢ ስለገጠመው፣ ከታች አንስተው በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም፤ እንግዳ ሁሉ ሰብሮ እንደገባ ሌባ ሳሎናቸው መሐል ነው ራሱን የሚያገኘው። የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ ደግሞ የሳሎኑ ሬዲዮ ይጠፋል። ስለዚህ ባለቤታቸው ዜና ሲያዳምጡ ክብርት በጨለማ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ይህን ሁሉ እንዴት ይችሉታል?» ብዬ አንድ ቀን ባለቤታቸውን ጠየቅኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ ተረጋግተው፤ «እኔም እዚህ ቤት የገባሁት በዚሁ ደንብ ነው።»

ተለማማጅ አልቀበልም ያለ ባለሙያ ደግሞ ወዮለት! አንድ ጋራዥ ገብተው ባለቤቱን ሙጭጭ ሲሉበት አይቻለሁ።

«እትዬ፣ የኔ ሥራ መኪና ነው» አላቸው ሰውየው ከተከፈተው ሞተር ሥር ሆኖ፤ «ልጁ ቢሳሳት ሰው ይሞታል።»

«እጥበት ላይ ይጀምራ! በውሃ የሞተ ሰው በመኪና ማጠቢያ አላየሁም።»

«እሺ፣ ቀስ በቀስ እናያለን።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው? ይሄዳል! መጀመሪያ ግን የሚታቀፈው ይፈልጋል። ልጁ ደጅ ቆሟል፤ ግባ ልበለው?»

ሰውየው እሺ ያለው አምኖ ይሁን መፍቻው ከእጁ ወድቆ እግሩን ስለመታው ይሁን አላውቅም። ልጁ ግን ገባ።

እንዲህ እየሳቅንባቸው ስንኖር ነገሩ እኔ ቤት ደረሰ። የታላቅ እህቴ ልጅ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ እኛ ዘንድ ነበረች፤ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ መፈለጉም ሲሰለቻት ሶፋዬ ላይ ከተመች። ሶፋው የእሷን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው አንድ ነገር ፀጉር መቁረጥ ነው፤ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ራሰ በራ ያልሆነ አልነበረም። ክብርት አንድ ቀን ስኳር ሊበደሩ ብቅ አሉና ጣቶቿን አዩ። ስኳሩን ረስተው ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት ጥግ ላይ ካለው የወንዶች ፀጉር ቤት አስገቧት።

የፀጉር ቤቱ ጌታ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። ልጅቷ ጠረገች፣ ፎጣ ቀቀለች፣ ማሽን ዘይት ቀባች። ምላጭ የተለማመደችው የሳሙና አረፋ በተቀባ ፊኛ ላይ ነው። ያ ግን ጥሩ ማስታወቂያ አልነበረም። ፊኛው ጧ ባለ ቁጥር ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ጉንጫቸውን ይዳብሳሉ።

የሙከራው ጊዜ የመጨረሻ ቀን ደረሰ፤ እሷ ግን አንድም ሰው አልቆረጠችም። ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ። ሁለት ወንበር አለ። በአንዱ ጋሽ መቀስ ይሠራል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው፣ የእህቴ ልጅ ማበጠሪያዋን እያገላበጠች ከኋላው ቆማለች። አግዳሚው ላይ ወንዶች ተደርድረዋል።

«ቀጣይ» አለች እሷ በቀጭን ድምፅ።

«እኔ እንኳ አልቸኩልም» አለ ባለታክሲው። ታክሲው ደጅ ሞተሩ እንደተነሳ፣ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እየጮሁበት ነበር።

እኔ አጎት ነኝ፤ ዘመድ አይቆጠርም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ደንቡን ባርኬዋለሁ። ከዚያ እሷ ጠጋ ብላ «አጎቴ፣ ዛሬ ካለቀ እኮ አለቀ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጋሽ መቀስ ያለ ድጋፉ ሊያቆያት አቅም እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። ሶፋዬ ታየኝ።

ይህን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ቋ… ቀጭ… ቋ… ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማነው።

ክብርት እያለከለኩ ገቡ። «ባለቤቴን ላመጣው ነበር» አሉ ረጅሙን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰቡ፤ «ነገሩን ጠርጥሮ ከውስጥ ቆለፈብኝ። እንዳልሰብረው በሩ የጀማሪ ሥራ ነው፤ በየት በኩል እንደሚሰበር እንኳ አይታወቅም!»

ወንዶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ ጫማውን አየ፤ ባለታክሲው ደግሞ ያለፈ ሳምንት ጋዜጣ ገልብጦ ማንበብ ያዘ። ክብርት ቦርሳቸውን ለእኔ አስታቅፈው ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

ጋሽ መቀስ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እትዬ፣ ይሄ የወንድ ፀጉር ቤት ነው።»

«ደንቡ ደንበኛ ይላል፤ ጺም ያለው አይልም» አሉና የፀጉራቸውን መያዣ ነቀሉ። ሁልጊዜ ማጅራታቸው ላይ ጠቅልለው የሚይዙት ፀጉር ወገባቸው ድረስ ወረደ። እንዲያ ያለ ፀጉር እንዳላቸው ማን ያውቃል!

«እትዬ፣ ይሄንንማ አልቆርጠውም» አለች የእህቴ ልጅ።

«ፀጉር ይበቅላል ልጄ። ዛሬ ግን ካለፈ አይመለስም። እንደ ወንድ አድርጊኝ» አሏት፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የመቀስ ድምፅ ሦስቴ እስኪሰማ እንኳ ሳይቆዩ አንኮራፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ማበጠሪያ ሲያገላብጥ የነበረው የልጅቷ እጅ ረጋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መስታወቱ ውስጥ በፍርሃት የሚያፈጡባት ዓይኖች ብቻ ነበሩ፤ አሁን ግን አምኗት የተኛ ሰው ፊቷ አለ። ከንፈሯን ነክሳ ቆረጠች፣ አበጠረች፣ ዞራ አየች፣ ደግማ ቆረጠች። ጋሽ መቀስ የራሱን ደንበኛ ግማሽ ላጭቶ ትቶት መጥቶ ያይ ጀመር።

ክብርት ነቁ። ገና መስታወቱን ሳያዩ በልማዳቸው «ለጀማሪ አይ…» ብለው ጀመሩ። አዩና ቆሙ። ቀኙም ግራውም እኩል ነው። አንገታቸው ወጥቷል፣ ፊታቸው በርቷል፣ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰዋል። ማጅራታቸውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የማን አንገት ነው?» አሉ ቀስ ብለው። እንባቸው መጣ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። «አሁን ይህቺ ጀማሪ ናት ብል ማን ያምነኛል?»

ፀጉር ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የእህቴ ልጅ ክብርትን አቅፋ ሳቀች፣ አለቀሰች። እኔም ደስታው ራሴ ላይ ወጣና ወንበሩ ላይ ዘልዬ ተቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ አንተ እኮ አትቆጠርም።»

«ባልቆጠርስ? ፀጉር የለኝም? ቁረጪው!»

ጀግንነቴ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነበር። መስታወቱ ላይ አፈጠጥኩ፤ ማሽኑ «ድርርር» ሲል አንገቴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፤ ጆሮዬን ሲነካኝ «ወይኔ!» አልኩ። ማሽኑ ከእጇ አዳለጠ። ስንጨርስ ከግራ ጆሮዬ በላይ ደረጃ ተሠርቶ ነበር፤ የእጅ መደገፊያ ቢገጥሙለት ሰው ይወጣበታል። ባለታክሲው በሳቅ ከአግዳሚው ወደቀ።

ክብርት ቋ ቀጭ እያሉ ዞሩኝ። ፊታቸው ፈካ፤ የሚያውቁትን ነገር በመጨረሻ አገኙ። «ለጀማሪ አይከፋም!» አሉ።

«ጀማሪው እሱ ነው!» አለች የእህቴ ልጅ በንዴት። «መቀመጥ አያውቅም!»

ይህ ከሆነ ሰነባበተ። ዛሬ በእሷ ወንበር ለመቆረጥ ወረፋ አለ፤ ባለታክሲውም ይሰለፋል፣ አሁንም አይቸኩልም። እኔ ስሄድ ጨርቁን አንገቴ ላይ እያሰረች «ዓይንህን» ትለኛለች፣ እጨፍናለሁ፣ ፀጉሬም እኩል ይሆናል። የጫማ ሰፊው ልጅ ደግሞ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ክብርትን «ተረከዙን በነጻ ላስተካክልልዎ» ቢላቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። «እንዳትነካው! ስራመድ የምትሰማኝ አንተ ነህ» አሉት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እወዳቸዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም፤ በሌሉበት የምንጠራቸውን ስም ግን አልተውንም።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ድምፅ ደጃችን መጥቶ ቆመ። በሩን ከፈትኩ። ክብርት በአጭር ፀጉራቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከቁመቷ የማይተናነስ የቧንቧ መፍቻ የታቀፈች ቀጭን ልጅ አለች፤ መሬት መሬት ታያለች።

«ቧንቧችሁ ያንጠባጥባል ሲሉ ሰምቼ» አሉኝ ክብርት።

ቧንቧችን ምንም አልሆነም ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩና «ግቢ ልጄ» አልኳት።