በቀይ ዓይን ቤት ፍለጋ

እንደ ቤት አከራይ ያለ ሐኪም የለም። ሐኪም ቢያንስ ወንበር ይሰጣችኋል፤ አከራይ ግን በበር ስንጥቅ አጮልቆ በሽታችሁን ያውቃል። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ "ሌላ ቦታ ሞክር።" ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው።

በዚያ ዓመት ዓይን የሚያቀላ ወረርሽኝ አገር ላገር ሲዞር ከርሞ እኛም ዘንድ ደረሰ። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነበር የምንተኛው። ሰኞ አንዱ ዓይኑን ሲያሽ ዋለ፤ ሐሙስ ስምንታችንም በርበሬ የተነሰነሰብን መስለን ነቃን። ኮሌጁ መጨናነቁ በሽታውን ያባብሳል አለና ግማሻችን ለጊዜው ከተማ ቤት እንድንፈልግ ወሰነ። ዕጣ ተጣለ። ዕድሜ ልኬን ዕጣ ወጥቶልኝ የማላውቀው ሰውዬ... ያን ዕለት ወጣልኝ።

እስቲ ፍረዱ፤ ዓይኑ ደም የመሰለ ተማሪ ማን ያስጠጋል? ምሥራቅ ሰፈር አንዷ ሴትዮ ገና ሰላም ሳልላት ልጆቿን ሰብስባ ቤት አስገብታ ቆለፈች። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ጓደኛዬ ታደሰ ሾፌር ወንድሙ የሰጠውን ጥቁር መነጽር አዋሰኝ። ዓይኔን ካላዩ ማን ያውቅብኛል?

አንድ ነገር ግን ዘነጋን፦ ዘመኑን። ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሷል፤ የጓሮ ክፍሉን የሚያከራይ ሰው የሚያከራየው ተደብቆ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ በየደጁ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ሆዬ ያንን መነጽር ግጥም አድርጌ በየበሩ፣ "ትርፍ ክፍል ይኖርዎታል?" እያልኩ ዞርኩ።

እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ሁሉም ብድግ ይልልኛል፤ ክፍል ያለው ግን አንድም ሰው ጠፋ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም አስፈላጊ ከሆነ ማድ ቤታቸውንም ለመንግሥት እንደሚያስረክቡ ነገሩኝ።

በሦስተኛው ቀን ሐይቅ ዳር አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ የዓሣ መረብ ጠጋኝ ቤት ደረስኩ። ጓሯቸው ባዶ ክፍል እንዳለ ከልጆች ሰምቻለሁ። ጥያቄዬን ስጠይቅ መረቡ ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው ተነሡና፣ ትርፍ ክፍል እንደሌላቸው ገብቼ በገዛ ዓይኔ እንዳረጋግጥ ለመኑኝ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አማታቸው በጠራራ ፀሐይ እስከ አንገታቸው ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል፤ ላባቸው ይንቆረቆራል። ሁለተኛው ውስጥ ሦስት ዶሮዎች ቆመዋል።

"ዶሮዎቹ ከአዋጁ በፊትም እዚሁ ነበሩ" አሉኝ አቶ ዳንጊሶ።

ይኼኔ ዓይኔ ማንባት ጀመረ። እንባው ከመነጽሩ ሥር ወርዶ አገጬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አቶ ዳንጊሶ አዩኝ፤ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ጠጋ አሉኝ።

"ጓድ፣ አይዘኑ እንጂ" አሉ። "ያን ያህልም እኮ አልተቸገርንም።"

ከዚህ በላይ አልቻልኩም፤ መነጽሩን አወለቅኩት። ጎንበስ ብለው ዓይኔን መረመሩ።

"ወረርሽኙ ነው?"

"አዎ።"

"ሌላ ነገር የለብዎትም? ማንም አልላከዎትም?"

"ተማሪ ነኝ አባባ፤ ማደሪያ ነው የምፈልገው።"

"እርስዎ" ከአፋቸው በርሮ ጠፋ። "አንተ ልጅ፣ ገድለኸኝ ነበር እኮ!" ብለው አቀፉኝ፤ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። በመታመሜ እንዲያ የተደሰተልኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አማቲቱ ብርድ ልብሱን ወርውረው ተነሡ። ዶሮዎቹም በዚያው ከሰዓት ክፍሉን ለቀቁ። ሻንጣዬን አልጋው ሥር ሳስገባ፣ የት ላድር ነው እያለ ሦስት ቀን ሲዋልል የሰነበተው ልቤ ረጋ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጡኝ፤ ማንም ሰው ቢጠይቀኝ የእህታቸው ልጅ ነኝ ማለት አለብኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሲዳምኛ አንዲት ቃል የማልሰማ ሰው!

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደብተራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ጸጉረ ልውጥ ሰው መግባቱን ሰምተዋል። ቤተሰቡ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ፤ አቶ ዳንጊሶ፣ ሚስታቸው፣ አማታቸው፣ ሦስቱ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ እኔ።

"ይሄ ማነው?" አሉ ሊቀ መንበሩ ወደኔ እያመለከቱ።

"የእህቴ ልጅ" አሉ አቶ ዳንጊሶ።

ሊቀ መንበሩ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ አማቲቱ፣ ከዚያም ወደ ልጆቹ እየተዘዋወሩ ተመለከቱ። እኔ በልቤ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀምሬያለሁ። የዚያ ሁሉ መተቃቀፍና መሳሳም ውጤት ግን በስድስቱም ፊት ላይ ይታያል፤ ዓይናቸው ከእኔ ጋር በእኩል ቀልቶ፣ በእኩል አብጦ ያነባል።

ሊቀ መንበሩ ደብተራቸውን ከደኑና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

"እውነትም ዘመድ ነው" አሉ። "ዓይኑ ቁርጥ እናንተን!"