የሰዓት ሠሪው ድምፅ

የሕዝብ የማወቅ መብት ቅዱስ ነገር ነው። ሰው ነፍሱን ሊያጣ ይችላል፤ የማወቅ መብቱን ግን ማንም አይነካበትም። በዚያች ከተማ ይህን መብት ለማስከበር ቆርጦ የተነሳው የሬዲዮ ጣቢያው ዕንቁ፣ ሰበር ነበር። እናቱ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው። ነገር ግን ድመት አጥር ብትዘልም «ሰበር ዜና» ሳይል መጀመር ስለማይሆንለት አገር ምድሩ ሰበር አለው። እሱም ስሙን ወዶት በአድራሻ ካርዱ ላይ አሳትሞታል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ ወርቅ ሠሪ አመሻሽ ላይ በሱቁ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። ሲታገል የእጅ ሰዓቱ ተሰብሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሟል። ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በጋራ በረንዳቸው የተነሳ አልፎ አልፎ ይጨቃጨቁ ነበር። አንድ መንገደኛ ደግሞ «ከሱቁ ሲወጣ ያየሁት ሰው፣ ጨለማ ስለነበር ፊቱን አላየሁም፤ ቁመቱ ግን የሰዓት ሠሪውን ይመስላል» ብሎ መሰከረ። ፖሊስ ሰዓት ሠሪውን ያዘው። ማስረጃው ይኸው ነበር፤ የጎደለውን ሰበር ሞላው።

«ውድ አድማጮቻችን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እናንሳ» አለ በልዩ ዘገባው ክፍል አንድ። «ሰዓት የሚያቆም ማን ነው? ሰዓት ሠሪ!»

ከዚያ በኋላ ከተማው ሥራ ፈታ። ሰበር በአርባ ሰባት ክፍሎች የሰዓት ሠሪውን የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ የጫማውን ጠጋኝ፣ አንድ ጊዜ ሰላም ብሎት ያለፈውን ሰው ሳይቀር አነጋገረ። ጠጋኙ «ጫማውን በጣም ይጠነቀቅ ነበር» ሲል፣ የሥነ ልቦና ተንታኙ ይህ የቀዝቃዛ ነፍሰ ገዳይ ጠባይ መሆኑን በሰፊው አብራሩ። የመሃል ዳኛውም ለፍትሕ ግልጽነት ሲባል ማይክሮፎን ወደ ችሎቱ እንዲገባ ፈቀዱ። ካባቸውን አሳጥበው፣ ለማስታወቂያ የሚሆን ፋታ እየሰጡ መናገር ጀመሩ። በአርባ ሰባቱ ክፍል ያልተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተከሳሹ ነው። እሱን ማን ይጠይቀዋል? ስለ ጉዳዩ ምን ያውቃል?

አንድ ቀን ከተከላካይ ጠበቃዋ ለጣቢያው ፖስታ ደረሰ። ሰበር ለመቅደድ ጥፍሩን ሲያስጠጋ ኃላፊው እጁን ያዙት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልከፍተው ነዋ።»

«አብደሃል? ከተከፈተማ ዜናው አለቀ!»

ሰበር በአለቃው ብስለት ተደመመ። ለሦስት ቀናት ያልተከፈተው ፖስታ በአየር ላይ ዋለ። ጡረታ የወጡ አንድ ደብዳቤ አዳይ «የፖስታ ጉዳዮች ከፍተኛ ተንታኝ» ተብለው ተጋበዙና ፖስታው በግራ ጥጉ በኩል መታጠፉ የጭንቀት ምልክት እንደሆነ አስረዱ። በአራተኛው ቀን የአድማጭ ስልክ ሲቀዘቅዝ ተከፈተ። ሰበር አነበበው፤ ከዚያም ላብ አጠመቀው።

ደንበኛዬ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት በሱቁ ስልክ ወደ «የእርስዎ ቅሬታ» ፕሮግራም ደውሎ በቀጥታ ሥርጭት እየተነጋገረ ነበር፤ የዕለቱ ቅጂ ይሰጠን፤ ይላል። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ሱቅ መደወሉን አረጋግጧል። ዐቃቤ ሕጉ ግን «ስልኩ ደውሏል፤ ማን እንደደወለ ስልኩ አይናገርም» ብለው ሞግተዋል። እንግዲህ የሰውዬው ነፍስ የተንጠለጠለችው በገዛ ድምፁ ላይ ነው። የዚያ ፕሮግራም አዘጋጅ ደግሞ ሰበር ራሱ ነበር። አስታወሰ፤ አንድ በአንድ አስታወሰ። ስለ መንገድ መብራት የነዘነዘው ሰውዬ!

ወደ ቴክኒሻኑ ክፍል ሮጠ።

«የዚያን ቀን ቅሬታ የታለ?»

«ተሰርዟል።»

«በማን ትእዛዝ?»

ቴክኒሻኑ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ለችሎቱ ልዩ ዘገባ ቦታ ጠበበን ብለው የቅሬታውን ሁሉ እንድሰርዝ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው ፊርማዎ። ማኅተምም አለው።»

ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው፤ ጥፋቱ እንኳ በማኅተም ነው።

ጠበቃዋ በማግስቱ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር አገኘችው። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቅጂው ቢጠፋም እርስዎ አሉ። ያነጋገሩት እርስዎ ነዎት። ገብተው ይመስክሩልኝ፤ ሰውዬው ሞት ሊፈረድበት ነው።»

ሰበር ሊል የፈለገው «እሺ» ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ልቡም ስንጥቅ ብሎ ነበር። ነገር ግን አንድ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ መጣበት።

«ምስክር ከሆንኩ ችሎቱ ውስጥ መቀመጥ እችላለሁ?»

«ምስክር እስኪጠራ ውጭ ነው የሚቆየው። የሌላውን ቃል መስማት አይፈቀድም።»

«የፊት ወንበሬስ?»

«የምን ወንበር?»

ወንበሩ ከፊት ረድፍ፣ ከተከሳሹ ሳጥን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው። የተፎካካሪው ጣቢያ ዘጋቢ ይህን ወንበር ለመውረስ ሰበርን አንድ ቀን ጉንፋን ይያዘው ብላ ስትጸልይ ከረመች። ሰበር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦም የሙያውን ክብር አስታወሰ።

«እሜቴ፣ ጋዜጠኛ ዜና ይዘግባል እንጂ ዜና አይሆንም። ገለልተኛ ነኝ።»

«በመጥሪያ አስጠራዎታለሁ!»

«ይችላሉ። አላስታውስም እላለሁ። በቀን ስንቱ ይደውላል!»

ጠበቃዋ ረገመችው። ከዚያ ማይክሮፎኑ ክፍት እንዳይሆን ፈርታ ግራ ቀኟን አየች።

በክፍል አርባ ስምንት ተከሳሹ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ነው፤ ማይክሮፎኑ እንዳይሰበር የፈራ ይመስል ራቅ ብሎ ቆመ። ምንም አልለፈለፈም። «ወርቅ ሠሪውን አልገደልኩም። ተጨቃጭቀን ማታውኑ እንታረቅ ነበር» አለና ተቀመጠ። ሰበር «አጭር፣ ቀዝቃዛ፣ የጸጸት ሽታ የሌለው ንግግር» ሲል ለሕዝብ አደረሰ።

ወደ ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ራት አቅርበው ሬዲዮናቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። እኚህ ሴትዮ ልጃቸው የመጀመሪያ ቀን ሬዲዮ ላይ «እንደምን አመሻችሁ» ካለ ጀምሮ አንዲት ፕሮግራም አላመለጣቸውም።

«ያ ምስኪን ዛሬ ተናገረ» አሉ።

«ሰማሽው እማዬ? እንዴት ዘገብኩት?»

«ድምፁን አውቀዋለሁ። የመብራቱ ሰውዬ ነው። አንተ የቀለድክበት።»

ሰበር ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «ድምፅ ይመሳሰላል፤ ተሳስተሽ ነው።»

«አንተም አውቀኸዋል?»

«እማዬ፣ ይሄ የሕግ ጉዳይ ነው፤ አይገባሽም።»

እናቱ «ልክ ነህ፤ አልገባኝም» አሉና ሳህኑን አነሱ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰበር «ዛሬ ታሪካዊ ቀን ነው» ብሎ ሥርጭቱን ከፍቶ ሳይጨርስ ጠበቃዋ አንዲት ተጨማሪ ምስክር እንዲገቡላት ጠየቀች። በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት በአንድ እጃቸው የቴፕ ማጫወቻ፣ በሌላው የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ገቡ። ሰበር እናቱን ከማየቱ በፊት ከረጢቱን አወቀው፤ ከአልጋቸው ሥር የሚያስቀምጡት የካሴት ከረጢት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ የመሃል ዳኛው።

«የልጄ ድምፅ ነው ጌታዬ። በየቀኑ እቀዳዋለሁ። በእኔ ቤት የሚሰረዝ የለም።»

ካሴቱ ተከፈተ። መጀመሪያ የሰበር ደስተኛ ድምፅ ቀኑን ከነወሩ አወጀ። ወርቅ ሠሪው የተገደለበት ቀን ነው። ካሴቱ ጥቂት ከተንሿሿ በኋላ ስልክ ተነሳ።

«ሄሎ! ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«ከሱቃችን ፊት ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሰባት ወሩ። ያላመለከትንበት ቢሮ የለም።»

«ታዲያ መብራት ባይኖር ምን ይጎድልብዎታል ጋሼ?»

«ሰው ይገደልበታል እንጂ።»

የሰበር ሳቅ ችሎቱን ሞላው። «ኧረ አያሟርቱብን! ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሰዓት ሠሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ከባለሙያ አፍ እንስማ፤ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ከሩብ። ሃያ ሰከንድ አልፎታል።»

ሰዓት ሠሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሱ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ካሴቱ እውነተኛ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም!»

የመሃል ዳኛው ወደ ፊት ረድፍ ዞሩ። «እርስዎ፣ ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው?»

ሰበር ቆመ። በእጁ የያዘው ማይክሮፎን ክፍት ነው፤ አገር እየሰማው ነው።

«የእኔን... የሚመስል ነገር አለው።»

«ውይ!» አሉ እናቱ ከምስክር ሳጥኑ። «የወለድኩትን ልጅ ድምፅ አጣዋለሁ? አሳፈርከኝ፤ በጣም ነው ያሳፈርከኝ። ያን ለፍላፊ አፍህን ክፈትና ነው በል!»

«ነው» አለ ሰበር።

ሰዓት ሠሪው በሳምንቱ በነጻ ተለቀቀ። ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ማንም አልተጠጋውም፤ ንጹሕ ሰው ምን ዜና አለው? ማይክሮፎን ሁሉ የተረባረበው ሰበር ላይ ነበር። የተፎካካሪው ጣቢያ ዘጋቢ ማይኳን ጥርሱ ላይ ደቅና «አንድን ንጹሕ ሰው እያወቁ ሊያስገድሉ ሲሉ ምን ተሰማዎት?» አለችው። ጥያቄው ቆንጆ ጥያቄ ነበር። ሰበር ራሱ ሠላሳ ሰው ጠይቆበታል። መልሱን ግን አጥንቶ አያውቅም ነበርና በጓሮው በር ሾልኮ አመለጠ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሰበር አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት እናቱ ሬዲዮናቸውን ወደ ተፎካካሪው ጣቢያ አዞሩ። «ሰበር፦ ዝም ያለው ድምፅ፣ ክፍል አንድ» እየተባለ ነው። የስልክ መስመሩ ተከፈተ።

«ሄሎ፣ እኔ ያ ሰዓት ሠሪ ነኝ።»

«ጋሼ! እንኳን ደስ አለዎት! ስለ ሰበር ምን ይላሉ?»

«እኔስ የደወልኩት ስለ መብራቱ ነው። ዛሬም አልበራም፤ ገዳዩም ገና አልተያዘም...»

«እሱን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ሰበርን ይቅር ይሉታል? አዎ ወይስ አይ?»

«መብራቱ እኮ...»

መስመሩ ተቋረጠ። ተንታኝ ገባ።

ሰበር ቀና ሲል እናቱ አዲስ ካሴት ከፍተው እየቀዱ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አውጥተው ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

«እማዬ፣ ስድቤ ምን ይሠራልሻል?»

«የአንተን አይደለም የቀዳሁት» አሉ ካሴቱን ወደ ከረጢቱ እየከተቱ። «የሰውዬውን ነው። መብራቱ እስኪበራ የሚቀጥለው ሰው መሞቱ አይቀር፤ ያኔ ይፈለጋል።»