ወሰን ላይ የሚሠራ ክፍል

ሰው መሬቱን ለምን እንደሚያጥር ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ያጠረውን ላፍርስ ሲል ለምን ፍዳውን እንደሚያይ ነው። አጥር ስታቆሙ ማን ናችሁ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ስታፈርሱ ግን አያት ቅድመ አያታችሁ ይጠራሉ። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

እኔና ወንድሜ አድማሱ ከአገር ቤት መጥተን በሰፈርንበት አገር፣ ገዴራ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ያረጁ ቤቶች አሉን፣ ከነጓሯቸው። አባታችን አባባ ተገኘ ደግሞ ሌላ ከተማ፣ ቂርያት ማላኪ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አሳንሰር የለም። ጉልበታቸው አልቋል፤ ዳቦ ሊገዙ የወረዱ ቀን መመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከእኛ ጋር ይኑሩ ስንላቸው እምቢ አሉ። እኔ ቤት ቢገቡ አድማሱ ሊከፋው፣ እሱ ቤት ቢገቡ እኔ ላኮርፍ! ስንቱን ያስታረቁ ሽማግሌ በልጆቻቸው መካከል አድልተው ሊሞቱ ነው? በመጨረሻ ራሳቸው ፈረዱ፦ አንድ ክፍል ይሠራልኝ፣ ልክ ወሰኑ ላይ፣ ግማሹ በዚያ፣ ግማሹ በዚህ። አልጋው ሳይቀር መሃል ለመሃል።

እኛም ያላ፣ እንጀምር ብለን ዓርብ ጠዋት አጥሩን ነቀልን። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው መረቁን። በአገራችን ወግ ነገሩ አለቀ፤ ለካ በዚህኛው አገር ገና አልተጀመረም። የግንባታ ፈቃድ ስንጠይቅ፣ ሁለቱ ይዞታዎች በመዝገብ አንድ ካልሆኑ ወሰኑ ላይ ድንጋይ እንኳ አይቆምም ተባልን። ባለቤቶቹ ወንድማማቾች ከሆኑ ግን መንገዱ አጭር ነው አሉን። ደስ አለን።

ያቭነ ከተማ ወዳለ አንድ ጠበቃ ሄድን። ጸሐፊዋ እዚሁ የተወለደች የአገራችን ሰዎች ልጅ ናት። መታወቂያችንን አየችና፣ የእሱ የቤተሰብ ስም አለሙ፣ ያንተ ወርቁ፣ እንዴት ነው ወንድማማች የሆናችሁት አለችኝ። ሳቅሁ። ይህን ስንቴ ተርኬዋለሁ! አለሙ አያታችን ናቸው። ወርቁ ደግሞ አገር ቤት የሞተው አጎቴ ነው። የመጣን ቀን መዝጋቢው ቤተሰቡን አደበላልቆ የአጎቴን ስም እኔ ላይ ለጠፈው። በየሰርጉና በየለቅሶው ያንን መዝጋቢ ስሰድብ አሥራ አምስት ዓመት አለፈኝ።

ቤሰደር፣ ችግር የለም አለች ልጅቱ፤ አባታችሁ መጥተው ሁለቱም የወለድኳቸው ናቸው ብለው ይማሉ፣ በቃ።

አባባን ከአራተኛ ፎቅ አውርደን ያቭነ ወሰድናቸው። ልጅቱ የመሐላውን ቃል በአማርኛ ነገረቻቸው። አባባ ሊፈርሙበት የያዙትን እስክሪብቶ አስቀመጡ። ሰውን ብዋሽ ሰው ይቅር ይለኛል፣ በፈጣሪ ስም ግን በሐሰት አልምልም አሉ። ከዚያ እኔን ሳያዩኝ፣ ወንድሜ ወርቁ ሲሞት ይህ ልጅ ገና ጡት አልጣለም፣ እኔ አሳደግሁት፣ ከወለድሁት አልለየውም፤ የመጣን ቀን መዝጋቢው የልጁ አባት ማን ነው ሲለኝ ግን እውነቱን ነገርሁት፣ እሱም የአባቱን ስም ጻፈለት አሉ።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አድማሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔስ? ኧረ እኔስ! አጭሩ መንገድ ተዘጋ። ረጅሙ ዓመታት ይፈጃል አሉን፤ የአባባ ጉልበት ደግሞ ያን ያህል ዓመት የለውም።

ቂርያት ማላኪ ስንመልሳቸው፣ እንግዲህ ያለዎት አንድ ልጅ ነው፣ አድማሱ ቤት ይግቡ፣ የሚያኮርፍ የለም አልኋቸው። ከአፌ ሲወጣ እኔንም አመመኝ። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

እኔም ከታች ቆሜ፣ እንደ ልማዴ ያንን መዝጋቢ ልሰድበው አፌን ከፈትሁ። ግን ምን ብዬ? በዚህ አገር ማንነቴን አስተካክሎ የጻፈ እሱ ብቻ ነው።