በቃኝ ባዩ ጀግና

ደራሲ መውደድ አደገኛ ነገር ነው። ጎረቤትህ ሲመክርህ ምክሩን ከኑሮው ጋር ታስተያያለህ። ደራሲ ግን የሚመክርህ ጓዳውን ዘግቶ ነው። እኔን የመከረኝማ ሚስት ሊያሳጣኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስማር ከገጠር የምሸከመው ስንቅ ሐሙስ ላይ ያልቃል። አርብን በጾም አሳብቤ አልፈዋለሁ፤ ቅዳሜን በምን ላሳብብ? ዝርዝሩን ተወው። ያኔ ነው የዚያ ደራሲ ልቦለድ እጄ የገባው። ጀግናው ማዕድ ሲቀርብለት አንዴ ይቆርስና «በቃኝ» ብሎ በመስኮት ትክ ብሎ ያያል። ሴቶች ይሞቱለታል። ባዶ ሆዴ በአንድ ጊዜ ማዕረግ አገኘ። እኔም ትክ ብዬ ማየት ጀመርሁ። የተከራየሁት ክፍል መስኮት ስላልነበረው በሩን አየሁ።

ኋላ ቡሬ ሥራ ያዝሁ፤ ብርቱካን የምትባል የጅጋ ልጅ ወደድሁ። ሽማግሌ ብልክ አባቷ «ልጁን ልየው» አሉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድሁ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። አንዴ ቆረስሁና «በቃኝ» ብዬ በመስኮት አየሁ። ይኼኛው ቤት መስኮት ነበረው።

ጎጃም ውስጥ በሰው ማዕድ እንዲህ አይቀለድም።

«ብላ እንጂ ልጄ፣ አፈር ስሆን!» አሉ እናቷ።

«ጠግቤያለሁ።»

አባቷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን ያመዋል?»

«ኧረ ጤነኛ ነው!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነው አጎቴ። «መጽሐፍ ስለሚያበዛ ነው።»

«እህሌን የናቀ ልጄን ያከብራል? ታሞ እንደሆነ ይታከም፤ ንቆን እንደሆነ በሩ ያውና።»

ብርቱካን ልታስታጥበኝ መጣች። ውኃውን እያፈሰሰች ጎንበስ አለችና «አንተ ጅል፣ ወጡን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ታጥቤ ወደ መሶቡ ተመለስሁ። ጀግናዬን እዚያው መስኮቱ ላይ ተውሁት። እንጀራ ሁለቴ ሲጨመርልኝ አባቷ እፎይ አሉ።

«ዳነ» አሉ።

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ያንን ደራሲ አገኘሁት። ሽበት ወሮታል፤ ፊቱ ያለው ሳህን ሞልቶ ይፈሳል። የጅጋውን ጉድ ነገርሁት። ጉርሻውን ዋጠና ሳቀ።

«ያንን ስጽፍ የምበላው አልነበረኝም። ስለ ምግብ በጻፍሁ ቁጥር ሆዴ ይጮኻል። ታዲያ ጀግናውን ምን ላድርገው? አስጾምሁት።»

ሁለታችንም ርቦን ነበር ለካ። እሱ ተጨበጨበለት፤ እኔ ልባረርበት ነበር።

ማታ ለብርቱካን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ደራሲህን አምጣውና ይብላ» አለች። «ብቻ ከመስኮቱ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።»