የ«ፕሮሰስ» አሥራ አንድ ትርጉሞች

በመተማ ቆላ ስሙ እንዳይጠቀስ በትሕትና የሚጠይቅ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ ማተቤ የዚህ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ተመስገን ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነገረውን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ የተሠራውንም ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ ስለሌለ እጄ ብዙ አልደከመም። ዛሬ የማወሳው ጽሕፈት ቤታችን ለአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሲል ያደረገውን ታላቅ ርብርብ ነው። ቃሏ «ፕሮሰስ» ትባላለች።

ይህችን ቃል ማን እንዳመጣት በውል አይታወቅም። ከሥልጠና የተመለሰ ሰው ከአበሉ ጋር ይዟት እንደመጣ ይወራል። ብቻ እሷ ከመጣች ወዲህ ኑሮ ቀለለን። ድሮ ባለጉዳይ ሲመጣ መዝገብ ማገላበጥ፣ ሰው መጠየቅ፣ አንዳንዴም፣ ይቅር ይበለንና፣ ከወንበር መነሳት ነበረብን። አሁን «ፕሮሰስ ላይ ነው» እንላለን፤ ባለጉዳዩም አመስግኖ ይሄዳል። አመስግኖ! እንዲህ ያለ ቃል በአማርኛ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ኃላፊያችን አቶ ባንተአምላክ ሲናገሯትማ ማየት ነው። ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ቬንትሌተሩ ቀና አድርገው፣ «ፕሮ…ሰስ ላይ ነው» ይላሉ። የሰማቸው ሰው ከበስተኋላ አንድ ትልቅ ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። የሚንቀሳቀሰው ቬንትሌተሩ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።

ይህን ሰላማችንን ያደፈረሰችው ወይዘሮ ውባንች ናት።

ውባንች ከኮኪት ወዲያ አሥራ ሁለት ሄክታር ሰሊጥ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታሳርሰው። በእርሻዋ ዳር ለሠራተኞች መጠጫ የተቆፈረ ባለእጅ ፓምፕ ጉድጓድ አለ፤ ሐምሌ ላይ የፓምፑ ጎማ ተበላና ውሃው ቆመ። ጎማዋ መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር ናት። እኛ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ ለባለጉድጓዶች የሚሰጡ አርባ አንድ አሉ። የዓመቱን ቆጠራ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ለአንዲት ጎማ ምን ያስቸኩላታል ለሚል የከተማ ሰው ላስረዳ። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ በሳምንት በአሥር ቀን ካልታጨደ ፍሬው አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል። የረገፈ ሰሊጥ የጉንዳን ነው። የሚያጭዱት ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከደጋው የሚወርዱ ሠራተኞች ናቸው፤ በዚያ እሳት በሚመስል ሙቀት ውሃ የሌለበት እርሻ ውስጥ የሚገባላት ማን አለ? ስለዚህ ሴትዮዋ ጎማ ስትል የዓመት ጉርሷን ማለቷ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማወቅ ግን የሥራ ድርሻችን ውስጥ አልተጻፈም።

ሐምሌ ላይ መጣች። «ፕሮሰስ ላይ ነው» አሉ አቶ ባንተአምላክ።

ነሐሴ ላይ ጎርፉን ተሻግራ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ መጣች።

«ፕሮሰስ ላይ ነው።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ባለፈው ፕሮሰስ ላይ ነበር። አሁን በደንብ ፕሮሰስ ላይ ነው።»

አመስግና ሄደች። እንዲህ እያለች ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። መስከረም አጋማሽ ላይ ለሰባተኛ ጊዜ መጣችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በዚህ ቢሮ ታሪክ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀች።

«እንዲያው አይቆጡኝና፣ ፕሮሰስ ማለት ምን ማለት ነው?»

አቶ ባንተአምላክ ሳል ያዛቸው። ውሃ ጠጡ። ከዚያ «ይህ የዕቅድ ክፍል ጉዳይ ነው» ብለው ላኳት፤ እኔም እንድሸኛት ታዘዝኩ። የዕቅድ ክፍሉ «ገና እየታሰበ ነው ማለት ነው» አላት። የሒሳብ ክፍሉ «ታስቦ ተትቷል ማለት ነው» አላት። የመዝገብ ቤቱ ሰው ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ «ፋይሉ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው» አለ። ቢሯችን ፎቅ የለውም። በመጨረሻ ግምጃ ቤት ስንደርስ ዘሀቢያ፣ የንብረት ሠራተኛችን፣ መደርደሪያውን በክርኗ እያመለከተች «እህቴ፣ ጎማው ይኸውልሽ፣ ፊርማው እዚያ ነው። ወላሂ ሌላ ነገር የለውም፣ ኸላስ!» አለቻት። ዘሀቢያ ሥልጠና ሄዳ አታውቅም።

ውባንች ተመልሳ አቶ ባንተአምላክ ፊት ቆመች። «አራት ክፍል ገብቼ አራት ነገር ሰማሁ። የቱን ይዤ ልሂድ?»

እዚህ ላይ የኃላፊያችን ታላቅነት ታየ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎማዋን ሰጥቶ ይገላገል ነበር። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ጠረጴዛውን መቱና «ይህ የአገልግሎት አሰጣጥ ክፍተት ነው! በአስቸኳይ መደፈን አለበት!» አሉ። ምስኪን ውባንች የፓምፗን ክፍተት የሚሉ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

በሳምንቱ የሦስት ቀን የምክክር መድረክ ተከፈተ። አዳራሹ ላይ «ፕሮሰስን በጋራ በመረዳት የተገልጋዩን እርካታ እናረጋግጣለን» የሚል ባነር ተሰቀለ፤ ለተሳታፊዎችም አሥር እሽግ የፕላስቲክ ውሃ ቀረበ። አቶ ባንተአምላክ በመክፈቻ ንግግራቸው እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፦ «ከዚህ አንጻር ፕሮሰስን ስናይ፣ ፕሮሰሱ ራሱ ፕሮሰስ ላይ መሆኑን በቁርጠኝነት ማየት ይገባል።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ላልገባኝ ነገር ሳላጨበጭብ ቀርቼ አላውቅም።

በሦስት ቀን የጦፈ ውይይት አሥራ አንድ ትርጉሞች ጸደቁ። አንደኛው፣ ደብዳቤው አልተነበበም። ሁለተኛው፣ ተነቧል፤ ያነበበው ሰው ግን ጎንደር ሄዷል። ሦስተኛው፣ ጠፍቷል። አራተኛው፣ ጠፍቶ ነበር፤ ተገኝቶ ቀኑ አልፎበታል። ሁሉንም ብዘረዝር ይመሻል፤ ዘጠነኛው «ባለጉዳዩ በራሱ ጊዜ ይሰለቻል ተብሎ ይጠበቃል» ሲሆን አሥራ አንደኛው ምሳ ሰዓትን ይመለከታል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ተከስቶ ነበር። ዘሀቢያ እጇን አውጥታ «‹የለም› ማለትስ? አብዛኛውን ጊዜ እኮ የለም ማለታችን ነው» አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ባንተአምላክ በትዕግሥት «እህታችን፣ ይህ ጽሕፈት ቤት ለሕዝብ የለም ብሎ አያውቅም። ይህ አሉታዊ አመለካከት ነው» አሏት። ከቃለ ጉባኤውም እንድሰርዘው ታዘዝኩ፤ ሰረዝኩት።

ዝርዝሩ ታትሞ በሩ ላይ ተለጠፈ። ውባንች ስምንተኛ መምጣቷ ነበር። ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ እስከማውቀው ድረስ እስከ መጨረሻው ያነበበው እሷ ብቻ ናት።

«የኔ ስንተኛው ነው?» አለች ገብታ።

«የእርስዎ ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው እየተሸጋገረ ነው» አሉ አቶ ባንተአምላክ።

«አራተኛውስ?»

«በልዩ ድጋፍ ዘለልንልዎት። እንኳን ደስ አለዎት!»

ውባንች አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «አቶ ባንተአምላክ፣ ሰሊጤ ቢጫ ሆኗል» ብላ ወጣች። በዚያች ሰዓት አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁና ቀኑን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

እንግዲህ አቶ ባንተአምላክም ሰሊጥ አላቸው። ሠላሳ ሄክታር ነው፣ በሚስታቸው ወንድም ስም። የመንግሥት ሥራ ስለሚበዛባቸው እርሻውን የሚያየው ያው አማቻቸው ነበር። ዘንድሮ ግን ልክ በአጨዳው ሰሞን ወባ ጣለው። አቶ ባንተአምላክ ሠራተኛ ለመቅጠር ራሳቸው ኮኪት መውረድ ግድ ሆነባቸው፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። የሚጽፍ ሰው አጠገባቸው ከሌለ ንግግር አይወጣላቸውም።

ሠራተኞቹ ዋርካው ሥር ማጭዳቸውንና ጥቅላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዘንድሮ የወረደው ሰው ጥቂት ነው፤ ገና ያልተቀጠሩት ሃያ ሰዎች ናቸው፣ አለቃቸውም ቢሆነኝ የሚባል ጎጃሜ ነው። የቢሆነኝ ሥርዓት አንድ ነው፤ ስለ ደመወዝ ከመነጋገሩ በፊት ውሃ ይጠይቃል። ስንደርስ ውባንችን እየጠየቃት ነበር።

«እትዬ፣ ውሃ አለ?»

«የለም። ፓምፑ ተሰብሯል። ከኾሩ፣ ከወንዙ፣ በአህያ አስቀድቼ አፈላዋለሁ፤ ለሰው በቀን አምስት ሊትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ የለኝም።»

ሰዎቹ አጉረመረሙ። «አምስት ሊትር አነሰች» አላት ቢሆነኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

አቶ ባንተአምላክ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የዚህች ሴት ነገርማ አለቀ! ወደ ፊት ወጥተው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ስንት ሄክታር ነው የእርስዎ?» አለ ቢሆነኝ።

«ሠላሳ።»

«ውሃ አለ?»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይወቅልኝ። አቶ ባንተአምላክ ውሃ ነበራቸው። የተከራዩት የውሃ ቦቴ ጢም ብሎ ሞልቶ በመንገድ ላይ ነበር፤ አንድ ሰዓት ቢቀረው ነው። «ቦቴ እየመጣ ነው» ቢሉ ኖሮ ነገሩ አለቀ። እኔ ራሴ በልቤ «ይበሉ፣ ይበሉ» እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ገርበብ አደረጉ። ቬንትሌተር በሌለበት ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ፕሮ…ሰስ ላይ ነው» አሉ።

ቢሆነኝ ሁለተኛ አልጠየቃቸውም። ዞር ብሎ «ተነሡ! የለም እያሉ ነው» አለ ሰዎቹን።

«እንዴ! እኔ የለም አላልኩም!»

«ጌታዬ፣ እኛም አገር ጽሕፈት ቤት አለ እኮ።»

«እሷ ናት የለም ያለችህ! በጆሮዬ ሰምቻታለሁ!»

«እሷ አምስት ሊትር አለች። አምስት ሊትሯን አምኜ እገባለሁ። የእርስዎን ምን ብዬ ልመን?» አለና ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሃያውም ሰው ውባንች ይዛው የመጣችው ትራክተር ተጎታች ላይ ወጡ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አሥር እሽግ ውሃ ጠጥተን ያላገኘነውን ትርጉም ይህ ሰው በቁሙ ተናገረው። ይህን በደብተሬ አልጻፍኩም፤ ኃላፊዬ አጠገቤ ነበሩ።

ቦቴው ከአንድ ሰዓት በኋላ እየተንጠባጠበ ደረሰ። የሚጠጣው ሰው አልነበረም። አቶ ባንተአምላክ እሱን አስከትለው ወደ ውባንች እርሻ ሮጡ። ሰዎቹ ማጨድ ጀምረው ነበር።

«ይኸው ውሃ!» አሉ እየጮሁ። «ይኸው! አለ! ኑ እንጂ!»

«የጀመርነውን ጥለን የትም አንሄድም» አለ ቢሆነኝ ቀና ሳይል።

ውባንች እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጣች። «አቶ ባንተአምላክ፣ ቦቴዎን ለሰዎቹ ያራግፉልኝ። ጎማዬንም ይፈርሙልኝ። የኔ ሲያልቅ ወደ እርስዎ እልካቸዋለሁ፤ ቢሆነኝ፣ ትሄዳላችሁ?»

«ውሃ ካለ እንሄዳለን» አለ ቢሆነኝ።

አቶ ባንተአምላክ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። ወረቀት ከደብተሬ ቀደድኩላቸው። በጋለው የቦቴ ኮፈን ላይ፣ እጃቸው እየተቃጠለ፣ ፈረሙ። ከሐምሌ ጀምሮ አሥራ አንድ ትርጉም የወጣለት ጉዳይ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ውባንች ወረቀቱን አጥፋ ለአንድ ሰው ሰጠችና ወዲያው ዘሀቢያ ጋ ላከችው።

«መቼ ይመጡልኛል ታዲያ?» አሉ አቶ ባንተአምላክ ላባቸውን እየጠረጉ።

«በስምንተኛው ቀን። ያኔ የእርስዎ ሰሊጥ ግማሹ ረግፎ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አቶ ባንተአምላክ ባሉበት ቆመው ቀሩ። የሚከተል ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ፤ ምንም አልተከተለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመንግሥት ሥራ እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም። በመጨረሻ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማተቤ፣ ምን ማለቷ ነው?» አሉኝ።